ሕመሙ አስቀድሞ ነበር፦ ኢንዶሜትሪዮሲስና የመውለድ ጥያቄ በኢትዮጵያ

በየወር አበባዋ ሁለት ሦስት ቀን ከአልጋ የማትነሳ ልጃገረድ «አይዞሽ፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ትባላለች። ይህችው ልጅ አግብታ ሳትወልድ ዓመታት ሲያልፉ ጉዳዩ እንደ አዲስ ይከፈታል። ያኔ የምትጠየቀው ስለ መውለድ ብቻ ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ ሲያጣጥፋት የኖረውን ቁርጠት የሚያነሳባት የለም። ለብዙ ሴቶች ግን ሕመሙም አለመውለዱም ከአንድ በሽታ የመጡ ናቸው።

በሽታው ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍነውን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፦ በእንቁላል ማምረቻዎች ላይ፣ የሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ገለፈት ላይ፣ በማህፀንና በደንዳኔ መካከል ባለው ክፍተት፣ አንዳንዴም በሽንት ፊኛና በአንጀት ላይ። እንደ ማህፀን ሽፋን ሁሉ ለሆርሞን ምላሽ ይሰጣል፤ ይደማል፣ ይቆጣል፣ ጠባሳ ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ በሽታው እንዳለባቸው ይገምታል። ከየት ይመጣል? በእኛ አገር ምን ያህል አለ? ከመውለድ ዕድል ላይ ምን ያህሉን ይወስዳል? ሕክምናው የሚመልሰውስ ምን ያህሉን ነው? በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

የበሽታው መነሻ፦ የአንድ መቶ ዓመት ክርክር

የቪየናው የሥነ ደዌ ሊቅ ካርል ፎን ሮኪታንስኪ እ.ኤ.አ. በ1860 የማህፀን ሽፋንን የሚመስል ሥጋ ባልተለመደ ቦታ አይቶ ጽፏል። ያየው ዛሬ የምናውቀውን በሽታ ስለመሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች አልተስማሙም። ለበሽታው ስሙንና የመጀመሪያውን ሰፊ ማብራሪያ የሰጠው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በኦልባኒ ከተማ ይሠራ የነበረው የማህፀን ሐኪም ጆን ሳምሰን ነው። በ1921 ጥቁር ቡናማ ወፍራም ፈሳሽ ስለያዙ የእንቁላል ማምረቻ ከረጢቶች ጻፈ፤ ዛሬም ሐኪሞች «ቸኮሌት ሲስት» የሚሏቸው እነዚህን ነው። በ1927 ደግሞ የወር አበባ ደም በከፊል በማህፀን ቱቦዎች ወደ ኋላ ተመልሶ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል፣ አብረውት የሚሄዱት ሕዋሳትም እዚያው ሥር ይሰዳሉ አለ።

ሐሳቡ ብዙ ነገር ያብራራል። ሆኖም በ1984 የወጣ ጥናት ቱቦዎቻቸው ክፍት ከሆኑ ሴቶች በ90 በመቶው ላይ ደሙ ወደ ኋላ እንደሚፈስስ አሳየ። የሁሉም ደም የሚመለስ ከሆነ የምትታመመው ከአሥሯ አንዷ ብቻ የሆነችው ለምንድን ነው? ለዚህ የቀረቡት መልሶች የተለያዩ ናቸው። አንዳንዶች የሆድ ገለፈት ራሱ ተለውጦ የማህፀን ሽፋንን የሚመስል ሥጋ ይሆናል ይላሉ። ሌሎች ሕዋሳቱ በደምና በሊምፍ ሥሮች ይጓዛሉ ይላሉ፤ አልፎ አልፎ በሳንባ ላይ የሚገኘውን በሽታ የሚያብራራው ይህ ነው። በፅንስነት ጊዜ ከቀሩ ሕዋሳት ይነሳል የሚሉም አሉ። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተጋላጭነቱ በግማሽ ያህል በዘር እንደሚወረስ አመልክተዋል። በ2023 ኔቸር ጄኔቲክስ ላይ የወጣ ሰፊ ጥናትም ከበሽታው ጋር የተያያዙ 42 የዘረ መል ቦታዎችን ለይቷል። የተመረመሩት ሴቶች ግን የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ ዝርያ ያላቸው ነበሩ፤ ስለ አፍሪካ ሴቶች ከዚያ ተነስቶ መናገር አይቻልም።

በእኔ አመለካከት ክርክሩ መቋጫ ያጣው በአንድ ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ስለምንጠራ ይመስላል። በገለፈቱ ላይ የሚረጨው ላይኛው ዓይነት፣ በእንቁላል ማምረቻ ውስጥ የሚቋጠረው ሲስት፣ ወደ አንጀትና ጅማት ሰርጎ የሚገባው ጥልቁ ዓይነት መልካቸውም ባሕሪያቸውም አንድ አይደለም። ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው የሚለው ሐሳብ ከ1997 ጀምሮ በግልጽ ቀርቧል፤ እስካሁን ግን አልተረጋገጠም፣ አልተሻረምም።

ጥቁር ሴት አይይዛትም የተባለበት ዘመን

በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የቦስተኑ ሐኪም ጆ ሜግስ በሽታው ዘግይተው በሚያገቡና ጥቂት በሚወልዱ ባለጸጋ ሴቶች ላይ ይበዛል ብሎ ሰበከ፤ መድኃኒቱም ቶሎ አግብቶ ቶሎ መውለድ ነው አለ። ከዚህ የወጣው እምነት ለአሥርት ዓመታት በሕክምና ትምህርት ቤቶች ቆየ። ነጭ ሴት ከእምብርቷ በታች ከታመመች ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ጥቁር ሴት ከታመመች ኢንፌክሽን ይባል ነበር።

የቺካጎው ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም ዶናልድ ቻትማን በ1976 ይህንን ፈተነው። 190 ጥቁር ታካሚዎቹን በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ፣ ሲመለከት ከአምስቷ አንዷ በላይ በሽታው ተገኘባት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀደም ሲል የማህፀን ኢንፌክሽን አለባችሁ ተብለው የታከሙ ነበሩ። ጉዳዩ ግን በዚያ አልተዘጋም። በ2019 የቀደሙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና ጥቁር ሴቶች ኢንዶሜትሪዮሲስ አለባችሁ የመባላቸው ዕድል ከነጮች በግማሽ ያህል እንደሚያንስ አገኘ። የሥነ ሕይወት ልዩነት ነው ወይስ የምርመራ ዕድል ማጣት? ትንተናው ይህንን መለየት አይችልም፤ የሚቆጥረው የታወቀላቸውን ብቻ ነውና።

የሜግስ ክርክር ለኢትዮጵያ ሲተረጎም ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ሲሞላቸው አግብተዋል፤ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልዳለች። ቶሎ የምታረግዝና ረጅም ጊዜ የምታጠባ ሴት በዕድሜዋ የምታየው የወር አበባ ጥቂት ነው። ሳምሰን ልክ ከሆነ ወደ ኋላ የሚፈስሰውም ደም ያንሳል። ስለዚህ በገጠር በሽታው በእርግጥ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን በጭፍን መካድ አይገባም።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው የምክንያትና የውጤት መገለባበጥ ነው፦ ጥቂት የወለደችው ሴት ስላልወለደች ታመመች ወይስ ስለታመመች አልወለደችም? ሁለተኛው አዲስ አበባ ናት። በዚያው ዳሰሳ የከተማዋ የወሊድ መጠን 1.8 ነው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ታክሲ የምትጠብቀው ተማሪ ወይም ሠራተኛ በዚህ ረገድ ከእናቷ ይልቅ ለቺካጎዋ ሴት ትቀርባለች። እናቷ በእርግዝናና በማጥባት ባሳለፈቻቸው ዓመታት እሷ በየወሩ ደም ታያለች።

ቱቦው ተዘግቷል፦ የኢንፌክሽኑ ማብራሪያ

በአፍሪካ የመካንነት ጥናት ላይ ለረጅም ጊዜ የገነነው ሐሳብ ኢንፌክሽን ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1979 እስከ 1984 በብዙ አገሮች ያካሄደው ጥናት ውጤት በ1985 ላንሴት ላይ ሲወጣ፣ ከሰሐራ በታች ከተመረመሩት መውለድ ያልቻሉ ሴቶች የ85 በመቶው ምክንያት ከኢንፌክሽን ጋር የተያያዘ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ያጠናችው ኤሊዛቤት ደንካንና ባልደረቦቿም በ1990 በዚያው መጽሔት፣ የወር አበባ ሳያዩ የተዳሩ ልጃገረዶች በአባላዘር በሽታ ምን ያህል እንደተጋለጡ አሳይተዋል። በወሊድና ንጽህና በጎደለው ውርጃ የሚገባ ኢንፌክሽን፣ እንዲሁም የማህፀን ቲቢ፣ ቱቦ እንደሚዘጉ የታወቀ ነው።

ችግሩ ማብራሪያው ስህተት ስለሆነ አይደለም። ሌላውን ስለሸፈነ ነው። ቱቦው ክፍት መሆኑን ለማየት ቀለም ተረጭቶ የሚነሳው ራጅ የማህፀኑንና የቱቦውን ውስጥ ብቻ ያሳያል፤ በገለፈቱ ላይ ያለውን የኢንዶሜትሪዮሲስ ቁስል አያሳይም። ከራጁ ውጭ ሌላ ምርመራ በሌለበት የሚገኘው በሽታ የተዘጋ ቱቦ ብቻ ይሆናል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ አንድም ጥያቄ አይጠይቅም። ከሆስፒታሎቻችን የሚወጡት ጽሑፎች በብዛት የአንዲት ታካሚ ታሪክ ናቸው፤ ለምሳሌ በቀዶ ሕክምና በወለደች ሴት የሆድ ጠባሳ ላይ የበቀለ፣ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር የሚያብጥና የሚያም እብጠት። ዓይነቱ ብርቅ ስለሆነ ተጻፈ፤ ተራው ዓይነት ግን ሳይጻፍ ይቀራል።

በተግባር የሚሆነው ይህ ነው። ሴትየዋ ከእምብርቷ በታች ሲያማት መጀመሪያ ወደ ፋርማሲ ትሄዳለች፤ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ይሰጣታል። ሲብስባት ጤና ጣቢያ ሽንቷ ይመረመራል። ቀጥሎ «የማህፀን ኢንፌክሽን» ይባልና የሴፍትሪያክሶን መርፌ፣ ዶክሲሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ይታዘዝላታል። የወር አበባዋ ሲያልፍ ሕመሙም ያልፋል፤ መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። በሚቀጥለው ወር ይመለሳል። ይህንን ሁለት ሦስት ዓመት የደጋገመች ሴት በፌስታል ውስጥ የያዘቻቸው ወረቀቶች ሁሉ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሽንቷም ንጹህ፣ በሆድ ላይ የተነሳው አልትራሳውንድም ደህና። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ሁሉም የተጻፉት የወር አበባ በመጣባቸው ቀናት መሆኑ ይታያል።

ኢንፌክሽንንና ኢንዶሜትሪዮሲስን የሚለየው በዋናነት የታሪኩ አካሄድ ነው። ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ድንገት ይነሳል፤ ትኩሳትና መጥፎ ፈሳሽ ሊኖረው ይችላል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ብዙ ጊዜ ከልጅነት ይጀምራል፣ ደሙ ከመምጣቱ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ያማል፣ በግንኙነት ጊዜ በጥልቀት ያማል፣ በወር አበባ ሰሞን ሲጸዳዱ ያስጨንቃል። ሁለቱ አንዲት ሴት ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ቲቢ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፦ የሆድ ዕቃን ያጣብቃል፣ አንዳንድ ሐኪሞች ለፍንጭ የሚያዩትን ሲኤ 125 የተባለ የደም ምርመራም እንደ ኢንዶሜትሪዮሲስ ከፍ ያደርጋል። ቲቢ በሰፊው ባለበት በእኛ አገር በዚህ ቁጥር ላይ ብቻ መደምደም አደገኛ ነው።

ከመውለድ ዕድል ላይ የሚወስደው

በጽሑፎች ላይ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ግምት ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው ሴቶች ከ30 እስከ 50 በመቶው ለማርገዝ ይቸገራሉ የሚል ነው። አንድ ጤነኛ ጥንድ በአንድ ወር ውስጥ የሚያረግዝበት ዕድል ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲሆን፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለ ከ2 እስከ 10 በመቶ ይወርዳል። ሁለቱ አኃዞች የሚሉት አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ሕክምና ፍለጋ ከመጡት ሴቶች የተወሰደ ስለሆነ ያጋንናል፤ ብዙ ሴቶች በሽታው ይዟቸው ሳያውቁት ወልደዋል። ሁለተኛው የሚናገረው ስለ ፍጥነት ነው፦ የሚዘገይ ዕድል ከማይኖር ዕድል ይለያል። «መካን ነሽ» የሚለው ቃል ይህንን ልዩነት ያጠፋዋል፤ በቤተሰብ ውስጥ የሚያስከትለውም ከበሽታው የከፋ ሊሆን ይችላል።

ዕድሉን የሚቀንሱት መንገዶች ብዙ ናቸው። በከባዱ ደረጃ ጠባሳው እንቁላል ማምረቻንና ቱቦን እንደ ሸረሪት ድር ያጣብቃቸዋል፤ እንቁላሉ ወደ ቱቦው መግባት አይችልም። ይህ ማንንም አያከራክርም። የሚያከራክረው ቱቦው ክፍት፣ ቁስሉም ጥቂት ነጥብ ብቻ በሆነበት ቀላሉ ደረጃ ለምን መውለድ ይዘገያል የሚለው ነው። በሆድ ዕቃ ውስጥ ያለው የቁጣ ፈሳሽ እንቁላሉንና የወንዱን ዘር ይጎዳል የሚሉ አሉ። የማህፀን ሽፋኑ ለፕሮጄስትሮን በአግባቡ ምላሽ ስለማይሰጥ ፅንሱ አይተከልም የሚሉም አሉ። ግንኙነቱ ራሱ ስለሚያም ጥንዶቹ ይራራቃሉ የሚለው ቀላል ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ከአንድ እስከ አራት የሚወጣው የአሜሪካ የደረጃ አሰጣጥ የሕመሙን ክብደት አይተነብይም፤ አራተኛ ደረጃ ላይ ያለች ሴት ምንም ላያማት፣ የመጀመሪያው ላይ ያለችው ራሷን ልትስት ትችላለች። ስለ መውለድም የሚናገረው ደካማ ነው። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎቹ አዳምሰንና ፓስታ በ2010 የሴቲቱን ዕድሜ፣ ያልወለደችባቸውን ዓመታት፣ ቀደም ሲል ማርገዟንና በቀዶ ሕክምና የታየውን የቱቦና የእንቁላል ማምረቻ ሁኔታ የሚደምር መለኪያ አወጡ። ከእነዚህ ውስጥ ዕድሜና ያለፉት ዓመታት ያለ ምንም መሣሪያ፣ በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚጠየቁ ናቸው። የባልየው የዘር ፈሳሽ ምርመራም እንዲሁ ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን በእኛ ቤት ሚስት ሁሉንም ምርመራ ከጨረሰች በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

ቀዶ ሕክምና፦ የሚሰጠውና የሚወስደው

በቀላሉ ደረጃ ላይ ሁለት ጥናቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ። በካናዳ ተመራማሪዎቹ እነ ማርኩ 341 ሴቶችን በዕጣ ከፍለው፣ ቁስሉ በላፓራስኮፒ ከተወገደላቸው 30.7 በመቶው፣ ታይቶ ከተተወላቸው ደግሞ 17.7 በመቶው በ36 ሳምንት ክትትል ውስጥ እንዳረገዙ በ1997 አሳወቁ። ይህ ማለት አንዲት ተጨማሪ እርግዝና ለማግኘት ስምንት ያህል ሴቶች መታከም አለባቸው። በ1999 የወጣው የጣሊያን ጥናት ልዩነት አላገኘም፤ የተሳተፉት ግን መቶ ያህል ብቻ ነበሩ። አንድ ላይ ሲታዩ ጥቅሙ ያለ ይመስላል፣ ግን መጠነኛ ነው። በአገራችን ለላፓራስኮፒ ያለው ዕድል ጠባብ በመሆኑ፣ ቀላል ደረጃ ብቻ ለተጠረጠረባት ሴት ይህንን ማዘዝ በእኔ ዳኝነት ቀዳሚ አይደለም።

የቸኮሌት ሲስት ጉዳይ የከበደ ነው። ሲስቱን ከነግድግዳው ማውጣት ፈሳሹን አፍስሶ ከመተኮስ ይሻላል፤ ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ይቀንሳል፣ በራስ የማርገዝ ዕድልም ይጨምራል። ሆኖም ከግድግዳው ጋር ጤነኛ እንቁላሎችም ይወጣሉ። በ2012 የወጣ ትንተና ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የእንቁላል ክምችትን የሚያመለክተው ኤኤምኤች የተባለ ሆርሞን በ38 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አስልቷል። በሁለቱም በኩል ሲስት ያለባት፣ ወይም ለሁለተኛ ጊዜ የምትቀደድ ሴት አደጋዋ ይበልጣል። እዚህ ላይ የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ማኅበር የ2022 መመሪያ ግልጽ ነው፦ የአይ ቪ ኤፍን፣ ማለትም እንቁላልንና የወንድ ዘርን ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ ፅንሱን ወደ ማህፀን የመመለስ ሕክምናን፣ ውጤት ለማሻሻል ተብሎ ብቻ ሲስት በመደበኛነት አይወጣም፤ ከባድ ሕመም ካለ ወይም እንቁላል ለመቅዳት መንገድ ከዘጋ ግን ይታሰባል።

በኢትዮጵያ ትልቁ ስጋት ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። ሲስቱ በአጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ በድንገተኛ ተከፍቶ፣ ምንነቱ ሳይታወቅ ከነእንቁላል ማምረቻው ሊወጣ ይችላል። ላልወለደች የ26 ዓመት ሴት ይህ ውሳኔ ከማንኛውም የበሽታው ደረጃ የበለጠ ዕጣ ፈንታዋን ይወስናል። ሕመሙ ድንገተኛ ካልሆነ ቀጠሮ ሰጥቶ በደንብ በሚያይ አልትራሳውንድ ማረጋገጥ ይቻላል።

ሕመሙን የሚያስታግሰው መውለድን አያፋጥንም

ከማስረጃዎቹ ሁሉ እጅግ የጠራው ይህ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል፣ ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒቶች፣ እንቁላል ማምረቻን የሚያሳርፉ መርፌዎች ሕመሙን ያቀልላሉ፤ የመውለድ ዕድልን ግን አይጨምሩም፣ በሚወሰዱበት ጊዜም እርግዝናን ያግዳሉ። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሴቲቱ አሁን የምትፈልገው ከሕመም መገላገልን ነው ወይስ ማርገዝን የሚለውን ነው።

ልጅ መውለድን ለማዘግየት ለምትፈልግ ሴት የመድኃኒቱ እጥረት ያን ያህል አይደለም፤ እንክብሉም መርፌውም በየጤና ጣቢያው የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል በነጻ ይገኛል። የጎደለው ለሕመም ሕክምና መዋሉ ነው። ያላገባች ልጅ እንክብል ስትወስድ ከታየች የሚጠረጠረው ሌላ ነው፤ እናቶች የሚፈሩት «ማህፀኗን ያደርቀዋል» ብለው ነው። እንክብል መካን አያደርግም። ጥንቃቄ የሚሻው የሦስት ወሩ መርፌ ዴፖ ነው፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ የመውለድ ዐቅም እስኪመለስ በአማካይ አሥር ወር ያህል ሊወስድ ስለሚችል፣ በቅርቡ ለማርገዝ ላሰበች ሴት አይመረጥም። «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው ምክርም በ2022ቱ የአውሮፓ መመሪያ ውድቅ ተደርጓል፦ እርግዝና የበሽታው መድኃኒት ተብሎ ለማንም አይታዘዝም።

ሳይቀደዱ ማወቅ

ለአሥርት ዓመታት በላፓራስኮፒ ካልታየ በሽታው አለ አይባልም ነበር። የ2022ቱ መመሪያ ይህንን ለወጠው፤ ታሪኩና የምስል ምርመራው ከተስማሙ ሕክምና መጀመር ይቻላል። በብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ በሠለጠነ እጅ ሲስቱንና ጥልቁን ዓይነት ያሳያል፤ በገለፈቱ ላይ የተረጨውን ግን አያሳይም። ስለዚህ ንጹህ አልትራሳውንድ በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ለእኛ ለውጡ ከማንም በላይ ይጠቅማል፤ አንድ እንቅፋት ግን ይቀራል። ያላገባች ልጅ በብልት በኩል አትመረመርም፤ በባህልም በሐኪሞች ልማድም ነውር ነው። በሆድ ላይ የሚነሳው አልትራሳውንድ ትልቅ ሲስት ካልሆነ በቀር ብዙ አያሳይም። ኤም አር አይ ወይም በፊንጢጣ በኩል የሚደረገው ምርመራ አማራጭ ናቸው፤ የመጀመሪያው ውድ ነው፣ ሁለተኛው በቂ ማብራሪያና ፈቃድ ይጠይቃል። የልጅቱን ክብር መጠበቅና ሕመሟን በወቅቱ ማወቅ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አይደለም፤ በሽታው በጣም በተጠረጠረ ጊዜ ያለ ምስል በእንክብል ሙከራ መጀመር ይቻላልና።

ቅዱስ ጳውሎስና የወረፋው ጥያቄ

ከ18 ማዞሪያ በዊንጌት በኩል ጥቂት ሲኬድ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይገኛል። ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱን የመጀመሪያ የመንግሥት የአይ ቪ ኤፍ ማዕከል ከፍቷል፤ ለሥነ ተዋልዶ ሥልጠናው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነበረበት። ቀደም ሲል በግል ተቋም ወይም በውጭ አገር ብቻ ይገኝ የነበረው አገልግሎት ለኮልፌ፣ ለአስኮ፣ ለጉለሌ ነዋሪ የሰፈር ያህል ቀረበ።

ይሁን እንጂ ማዕከሉ ሲከፈት የቆየው ክርክር መልኩን ቀየረ። በኢንዶሜትሪዮሲስ ላይ የአይ ቪ ኤፍ ውጤት ምን ያህል ነው? በ2002 የወጣ ትንተና በሽታው ያለባቸው የማርገዝ ዕድል ቱቦዋ ከተዘጋው ሴት በግማሽ ያህል እንደሚያንስ አስልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡት ጥናቶች ቀላሉ ደረጃ ላይ ያሉት ከሌሎች ብዙ እንደማይለዩ፣ ከባዱ ደረጃ ላይ ያሉት ግን ጥቂት እንቁላል እንደሚያገኙ ያመለክታሉ። ልዩነቱ የበሽታው ነው ወይስ ቀደም ሲል የተደረገው ቀዶ ሕክምና ክምችቱን ስለቀነሰው? ጥናቶቹ ሁለቱን ለይተው መናገር አልቻሉም።

አቅሙ ውስን በሆነ የመንግሥት ማዕከል ጥያቄው የፍትሕም ነው። ሁለቱም ቱቦዎቿ በኢንፌክሽን የተዘጉባት ሴት ከአይ ቪ ኤፍ ሌላ መንገድ የላትም። ቱቦዋ ክፍት ሆኖ ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባት ሴት በራሷ ልታረግዝ ትችል ይሆናል፤ እንቁላሎቿ ግን በየዓመቱ ከሌላው ሴት ፈጥነው ሊያልቁ ይችላሉ። የመጀመሪያዋ ብትጠብቅ ቱቦዋ ያው ነው፤ ሁለተኛዋ ብትጠብቅ ያላት ዕድል ይሸረሸራል። አንዳንድ ባለሙያዎች ለመጀመሪያዋ ቅድሚያ መስጠት ተገቢ ነው ይላሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። እኔ የበሽታውን ስምና ደረጃ ትተው የሴቲቱን ዕድሜ፣ በአልትራሳውንድ የሚቆጠሩትን የእንቁላል ከረጢቶችና ቀደም ብሎ የተደረገላትን ቀዶ ሕክምና ይዘው ወረፋውን ቢያወጡ እመርጣለሁ። የ38 ዓመት ሴት፣ ቱቦዋ ተዘጋም አልተዘጋም፣ ከ27 ዓመቷ ሴት ቀድማ ትግባ፤ ሁለት ጊዜ ሲስት የወጣላት የ27 ዓመት ሴት ደግሞ እንደ 38 ዓመቷ ትቆጠር።